ቤቱ ባዶ ነው አለ

ያንን ሕንፃ መሠረቱ ሲቆፈር ጀምሮ አልወደድኩትም። የክልሉ ቢሮ ነው። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ አሶሳ ትንሽ ከተማ ናት፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሲሠራ ግንበኞቹ የሚወጡበትን የቀርከሃ መወጣጫ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከባምባሲ በኩል ቀርከሃ አስጭኜ አመጣለሁ፣ ከሰዎቼ ጋር አስራለሁ፣ ፎቅ በጨመረ ቁጥር እጨምራለሁ። ሲያልቅ ቀርከሃውን አፍርሰው ለማገዶ ሰጡት። ይሁን፤ የቀርከሃ ዕጣ ነው። ያናደደኝ በቦታው የለጠፉት መስታወት ነው። አሶሳ ላይ መስታወት! በመጋቢት ፀሐይ ጣሪያ ላይ ቂጣ ሊጋገር በሚደርስበት አገር፣ ቤቱን ከላይ እስከ ታች መስታወት አልብሰው ሲያበቁ፣ ውስጥ የሚቀቀለውን ሠራተኛ ለማቀዝቀዝ ደግሞ ኤሲ ገጠሙ። መጀመሪያ ማሞቅ፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዝ። ይህን የሚያህል ሥራ ፈትነት በዕድሜዬ አላየሁም።

በምረቃው ሰሞን በሩ ላይ ትልቅ ጨርቅ ሰቀሉ። «ስማርት ሕንፃ» ይላል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ፣ ትዳርም ከያዝኩ በኋላ ነው። ክልሉ አዲስ ሲመሠረት ነገሩ ሁሉ በወረቀት ሆነ፤ ጣቴን ቀለም እየነከርኩ መፈረም ሰለቸኝና ማታ ማታ ትምህርት ቤት ገባሁ። ለዚህ ነው የተጻፈ ነገር ካየሁ ትርጉሙን ሳልጠይቅ የማላልፈው። ጠየቅኩ። የመለሰልኝ ከወሎ ተመድቦ የመጣ ወጣት ቴክኒሻን ነበር፤ በኋላ አማቼ ሆነ።

«አባባ፣ ሕንፃው ራሱን በራሱ ያስተዳድራል» አለኝ። ጣሪያው ላይ የተለጠፈች፣ የግማሽ እንቁላል ያህል ነጭ ነገር አሳየኝ። «ሴንሰር ትባላለች። ሰው ሲገባ ታያለች፤ መብራት ታበራለች፣ ኤሲውን ትከፍታለች። ሰው ከሌለ ሁሉንም ታጠፋና በሩን ትቆልፋለች። ያየችው ነገር በሙሉ በኔትወርክ እዚህ ይመጣል» ብሎ ስልኩን ከፍ አደረገ።

«ዘበኛስ?»

«ዘበኛማ ይተኛል፣ አባባ። ይቺ አትተኛም።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እዚሁ ክልላችን ውስጥ ያ ሁሉ ውሃ ተገድቦ፣ አሶሳ ላይ መብራት እንደ ወር ተረኛ ይመጣል ይሄዳል። በሄደ ጊዜ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድረው ሕንፃ ጨልሞ ይቀመጥና ጄኔሬተር የሚያስነሳለት ሰው ይፈለጋል። ይህንን ነገርኩት። «ባትሪ አለው» አለኝ። ለሁሉም መልስ ነበረው።

መጥፎ ልጅ ነበር ብዬ አልጽፍም። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ከኛው መስጊድ ይሰግዳል፣ ሽማግሌ በደንቡ ልኮ ነው ልጄን የጠየቀኝ። እሷ የመጨረሻ ልጄ ናት። እናቷ ከሞተች በኋላ ጎጆዬን ይዛ የቆየች እሷ ነበረች። ሰጠሁት። የሱ በሽታ ሌላ ነው፤ በዓይኑ ካየው ይልቅ ስልኩ የነገረውን ያምናል። ይህ በሽታ ደግሞ ሽማግሌ ሲላክ አይታይም።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ልጠይቃቸው የሄድኩ ዕለት ገና ጫማዬን ሳወልቅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከራሴ በላይ መብራት ቦግ አለ።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው? እንግዳ ሲያይ ይደነግጣል?» አልኩ።

ልጄ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እሱ ግን በኩራት አስረዳኝ። ከራሱ ኪስ ገዝቶ፣ ሳሎኑ ላይ አንዷን፣ መኝታ ቤቱ ላይ አንዷን ገጥሟል። መብራት አይባክንም፤ እሱም ቢሮ ሆኖ ቤቱ ሰላም መሆኑን በስልኩ ያያል። «ሰው ካለ ሰው አለ ይላል፣ ከሌለ ባዶ ነው ይላል» አለኝ። እኔ ቤቴ ሰላም መሆኑን የማውቀው ገብቼ ሳይ ነው። አልኩት። «እሱ ድሮ ነው» አለኝ።

ከዚያ ልጄ ወለደች። በኛ ወግ ሴት የመጀመሪያዋን ልጅ ስትወልድ ወደ ቤተሰቧ ትመጣለች፤ አክስቶቿ ይሰበሰባሉ፣ አራስ ብቻዋን አትሆንም። እሱ እንቢ አለ። ሆስፒታሉ ከተማ ውስጥ ነው፣ እኔ እጠብቃታለሁ፣ ምን ይጎድላታል አለ። ጠዋትና ማታ ገንፎ የምታገነፋላት አንዲት ጎረቤት ሴት አገኘላት፤ ሴትየዋ በመካከሉ ገበያ ማንጎዋን ልትሸጥ ትሄዳለች። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ልጄ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ናት።

ሕፃኑ ሆዱን የሚያመው ዓይነት ነበር። መሬት ካስተኙት ይጮኻል፣ አልጋ ላይ ካስተኙት ይጮኻል። የሚተኛው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ እናቱ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ቅልጥሟ ላይ ስታስተኛው። ብትነቃነቅ ይነቃል፤ ከነቃ ቀኑ አለቀ። ስለዚህ አጎበሩን አውርዳ፣ ከወባ ትንኝ ተከልላ፣ እንደዚያ ትቀመጣለች። ስልኳንም ድምፁን ታጠፋዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ዝም ብላ መቀመጥ ትችልበታለች፤ የእናቷ ልጅ ናት።

እሱ ቢሮው ሆኖ ስልኩን ያያል። «ቤት፦ ባዶ» ይላል።

የመጀመሪያው ቀን ደንግጦ በባጃጅ እየበረረ መጣ። ተቀምጣ አገኛት። «የት ነበርሽ?» አላት። «እዚሁ» አለችው። በማግስቱም ባዶ ነው አለ። ይደውላል፣ አታነሳም። ይመጣል፣ ቁጭ ብላለች። «ከኔ ቀድመሽ ነው የገባሽው?» አላት። ሳሎኑ ወደ ጓሮ የሚያወጣ በር አለው፤ በዚያ ትወጪያለሽ አላት። አራስ ቤቷን ጥላ፣ ገና በእግሯ በቅጡ ሳትቆም፣ በጓሮ በር ትወጣለች አለ። ወዴት እንደምትሄድ አላለም። እሱ ባይልም የሚል አይጠፋም።

አንድ ቀን ከሰዓት ባጃጅ አጥሬ ጋ ቆመ። ልጄ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ ወረደች። ዕቃ አልያዘችም።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«አባ፣ ቤት ተቀምጬ የለሽም ይለኛል» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ልጄ አትዋሽም ብዬ አልምልም፤ የሰው ልጅ ናት፣ ትዋሻለች። ግን ስትዋሽ ታወራለች። ነገር ታበዛለች፣ እገሌም አይቶኛል፣ እገሊትም ነበረች እያለች ትጨምራለች። ያን ቀን ያወጣቻት ቃል ያቺው ነበረች። ሌላ ምስክር አላስፈለገኝም።

በማግስቱ እሱ መጣ። ሰላምታውን በወጉ ሰጠ፣ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ሸሸሁት። ስልኩን አወጣ።

«አባባ፣ እርስዎ ማንበብ ይችላሉ። ያንብቡት።»

አነበብኩ። ባዶ። ባዶ። ሰው አለ። ባዶ። ፊደል በመማሬ የተቆጨሁበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

«አንተ ወንድ ነህ?» አልኩት። «ሚስትህ እያለች ግድግዳ ትጠይቃለህ?»

«እኔ አልከሰስኳትም፣ አባባ። መረጃው ነው የሚለው።»

«መረጃው አገባት ወይስ አንተ?»

ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ከቃሉ ግን አልተመለሰም። ሽማግሌ ይቀመጥ አለ። ይቀመጥ አልኩ። ምክንያቱም ነገሩ ወጥቷል። ገበያ ላይ ሴቶቹ ያቺ አራስ ቤቷን ጥላ የምትዞረው ይሏታል። አንዷ ደግሞ አጠገቤ ቆማ፣ እንደማታውቀኝ ሆና፣ ሕፃኑ ማንን ይመስላል ብላ ጠየቀች። ሽማግሌዎቹ ወጥታለች ብለው ከፈረዱ፣ አጥፍታ ይቅር የተባለች ሴት ሆና ትመለሳለች፤ ስሟም እንደዚያው ይቀራል፤ ያ ሕፃንም ዕድሜ ልኩን ፊቱን የሚመረምርለት አያጣም። ለሽማግሌ የምንሰጠው ነገር ይኼው ነበር። እኔ ለራሴ እንዳትመለስ ነበር የምፈልገው፤ ግን ስሟ ሳይጎድፍ እኔ ጋ እንድትቀር።

ጉባኤው እኔ ግቢ፣ ዳሱ ሥር እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ክረምት ነው፣ ዝናቡ አላባራ አለ። የአማቼ አለቃ፣ የሱ ወገን ሽማግሌ ሆኖ የተመረጠው፣ «ቅዳሜ የሕንፃችን አዳራሽ ነፃ ነው» አለ። በራሳቸው ሜዳ ሊያጫውቱን! እንቢ ልል ስል፣ የኔ ወገን ሽማግሌ ከለከለኝ። እሱ ጎረቤቴ ነው፤ የመንደራችን የእርቅ ሰው ነው፤ አባቴን ያውቃል። አፉን የፈታው በበርታ ነው፣ ለነገር የሚቀናው ዓረብኛ ነው፣ አማርኛ የሚናገረው ሌላ መንገድ ሲያጣ ነው።

«እንሄዳል» አለኝ። «እኔ መስታወት ቤት አንድ ቀን ቁጭ ይላል። ከዛ ይሞታል።»

ሄድን። እኔ፣ ልጄ ከሕፃኑ ጋር፣ ጎረቤቴ። ከነሱ በኩል አማቼ፣ አለቃውና አንድ ሰፋሪ ሽማግሌ፤ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ እዚህ ያረጀ ገበሬ። የአማቼ ዘመድ አይደለም፤ የአገሩ ሰው ስለሆነ ነው የተጠራ።

ጎረቤቴ መጀመሪያ ዉዱ ላድርግ፣ ለሶላት ልታጠብ ብሎ ወደ ቧንቧው ሄደ። ቧንቧው እጀታ የለውም፤ እጅ ሲያይ ነው የሚፈስ። እጁን አየ፣ ፈሰሰ። እግሩን ሲያነሳ ቆመ። እንደገና እጅ፣ ፈሰሰ፤ እግር፣ ቆመ። «ይሄ ቧንቧ እግር አይወድም» እያለ ወጣ። አለቃው ሰምቶ ፈገግ አለ። እኔ ደሜ ፈላ።

ያ ሁሉ መስታወት እያለው አዳራሹ መስኮት የለውም። ሕንፃው ሆድ ውስጥ ነው። ስንገባ መብራቱ በራ፣ ኤሲው መንፈስ ጀመረ፣ ሁላችንም በክረምት ብርድ ላይ ሌላ ብርድ ተጨመረልን። ወንዶቹ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ልጄ ሕፃኑ ሊጮኽ ሲቃጣው ጥግ ላይ ምንጣፉ ላይ ወርዳ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ እግሯን ዘረጋች። ቅልጥሟ ላይ አስተኛችው። ዝም አለ።

አለቃው ጀመረ። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እጁን አጣምሮ፣ ስብሰባ እንደሚመራ ሰው።

«ወገኖቼ፣ ዘመኑ የመረጃ ዘመን ነው። ሰው ይሳሳታል፣ ሰው ይረሳል፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ሰው ይዋሻል። መሣሪያ ግን ጥቅም የለውም፤ ወገን የለውም። ያየውን ይናገራል።»

«እናንተየ፣ እኔ ገበሬ ነኝ» አለ ሰፋሪው ሽማግሌ። «ላሜ በረት መግባቷን አይቼ ነው የማምን። እስቲ ልጅየው ይናገር።»

አማቼ ተናገረ። ያመነውን ነው የሚናገር። ሚስቴን እወዳታለሁ አለ። ፍች አልፈልግም አለ። ብቻ እውነቱን ትንገረኝና አፉ እላታለሁ፣ ይቅር ብዬ ይዣት እገባለሁ አለ።

«መሣሪያህ ተሳስቶስ?» አለው ሰፋሪው።

«አልተሳሳተም። ሴንሰሩ እንቅስቃሴ ነው የሚያይ። ሰው ደግሞ ካለ ይንቀሳቀሳል፤ ያካል፣ ይዞራል፣ እጁን ያነሳል። በዚያ ላይ እኔ ቶሎ ባዶ ነው እንዳይል ጊዜውን ሆን ብዬ አርዝሜዋለሁ። ይኼ አዳራሽም፣ የኔም ቤት ልካቸው አንድ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ንቅንቅ ሳይል የሚቀመጥ ሰው የለም። ድንጋይ ካልሆነ በቀር።»

«ወይ ሬሳ» አለ ሰፋሪው።

«ወይ ሬሳ» ብሎ አማቼ ተስማማ።

ጎረቤቴ ወደ ልጄ ዞረ። «አንቺ ምን ይላል?»

«ቤት ነበርኩ» አለች። «ልጁ እግሬ ላይ ተኝቶ ነበር።»

«ግማሽ ቀን ሙሉ?» አለ አለቃው።

«ተኝቶ ነበር አልኩ።»

«የኔ እህት፣ ሰው እንዴት ግማሽ ቀን…»

ጎረቤቴ እጁን ዘርግቶ አስቆመው። «ኸላስ። ልጅ ቤት ነበርኩ ይላል። ስልክ ማፊ ይላል። ሁለቱ ተናግሯል። አሁን ቁጭ ነው።»

ኸላስ ማለት በሱ አነጋገር በቃ፣ ማፊ ማለት የለም ማለት ነው። ቁጭ ነው ያለው ደግሞ የመንደራችንን ልማድ ነው። ከሳሽም ተከሳሽም ተናግሮ ሲያበቃ ወዲያው አይፈረድም። ሽማግሌው እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ሁሉም እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ዝም ይባላል። ማንም አይናገርም፣ አይነቃነቅም። ንዴት ከራስ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ እግር ወርዶ መሬት እስኪገባ ነው ይባላል። የሚቁነጠነጥ ሰው ንዴቱ ያልወረደለት ነው፤ ቃሉም አይከበርለትም። ዳሱ ሥር ሲሆን ዶሮ እግራችን መሀል እየጫረች ታልፋለች፤ እኛ ግን እዚያው ነን። አባቴ ይህን ተቀምጧል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ።

ሰፋሪው ልማዱን ያውቃል፤ ከኛ ጋር ነው ያረጀ። አለቃው አፉን ሲከፍት ሰፋሪው ጉልበቱን ያዝ አደረገው። ከዚያ አለቃውም ተቀመጠ፤ የሚሆነውን ሊያይ ይመስለኛል። አማቼም እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ያሳደጉት አሳድገውታል።

ተቀመጥን። የኔ ንዴት አልወረደም። የምችለው እጄን መያዝ ብቻ ነበር፤ ሆዴ ውስጥ ያ ሕንፃ ከነመስታወቱ፣ ከነቧንቧው፣ ከነአለቃው ይፈርሳል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይፈርሳል። ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ዝናቡ እንኳ እዚያ ሆድ ውስጥ አይሰማም። የሚሰማው የኤሲው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ከዚያ ትንፋሹ ቆመ።

መብራቱ ድርግም አለ። ድቅድቅ ጨለማ። በሩ በኩል ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ።

ማንም አልተነቃነቀም። የጎረቤቴ ዝምታ መብራት ጠፋ ተብሎ የሚቋረጥ አይደለም። በዚያ ጨለማ ውስጥ የአማቼ ስልክ ጢን ብሎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ በራ። ደረቱ ላይ ሰማያዊ መስኮት የተከፈተ መሰለ።

ጎረቤቴ ዝምታውን የሚፈታው ራሱ ነው። ፈታው።

«ስልክ ምን ይላል?»

አማቼ ኪሱን በመዳፉ ሸፈነ።

«አንብብ።»

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ብርሃኑ ፊቱ ላይ አረፈ፤ ደም የሌለው ፊት ነበር። አነበበ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

«አዳራሽ… ባዶ። መብራት ጠፍቷል። በር ተቆልፏል።»

«ባዶ?»

«ይላል።»

«ያኒ፣ እኛ ማፊ?» አለ ጎረቤቴ።

ሰፋሪው ሽማግሌ ጭኑን በጥፊ መታ። «ወየው እናንተየ! ሞተናል'ኮ፣ ሳይነግሩን! ኢና ሊላሂ በሉ እንጂ!» እያለ ከት ብሎ ሳቀ። ጭኑን ሲመታ ያ የእንቁላል ግማሽ አየው መሰለኝ፣ መብራቱ ቦግ አለ።

ሁላችንም ያየነው አንድ ቦታ ነው። ጥግ ላይ ልጄ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ እግሯን ዘርግታ ነበር። ሕፃኑ ቅልጥሟ ላይ ተኝቷል። ስንገባ እንደተቀመጠች እንደዚያው ናት፤ የነጠላዋ ጫፍ እንኳ ከነበረበት አልወረደም። ማንንም አላየችም። ልጇን ነበር የምታየው።

«ይኼ የቴክኒክ ችግር ነው…» አለ አለቃው።

«ዝም በል አንተ!» አለው ሰፋሪው፣ ሳቁ ድንገት ጠፍቶ። «አንተ ራስህ'ኮ አሁን እዚህ ቁጭ ብለህ የለህም ተባልህ። ለራስህ አፍ አጥተህ ለቴክኒክ ጠበቃ ትሆናለህ?»

ጎረቤቴ ቆመ። ፍርዱን ሲሰጥ ይቆማል። «ልጅ ቤት ነበር» አለ። «እኛ ሁሉ አየ። ገበያ ይሂድ፣ ለሰው ሁሉ ይንገር፣ ልጅ ቤት ነበር። ኸላስ።»

ለዚያች ቃል ነበር የሄድኩት።

አማቼ ከወንበሩ ተንሸራቶ መሬት ወረደ። መጀመሪያ ወደኔ መጣ፣ ጉልበቴን ያዘ፤ በዚህ ጊዜ አልሸሸሁም። ከዚያ ወደ እሷ ሄደ። አለቀሰ። «አፉ በይኝ» አላት። «ጥፋተኛ ነኝ። አፉ በይኝ።» ሰፋሪው አሚን፣ አሚን ይላል። አለቃው መሬት መሬት ያያል። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ፣ እውነቱን ልጻፍ፣ ትመለስ ነበር። ዓይኗ ረጥቦ አይቻለሁ።

አላቆመም። እንባውን ጠረገና ፊቱ በራ። ሸክም እንደወረደለት ሰው ወደ ሁላችንም ዞሮ መናገር ጀመረ።

«ጥፋቱ የመሣሪያው ነው'ኮ! አሁን ገባኝ። ይኼ ዓይነቱ ትልልቅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው የሚያይ። አዲስ ዓይነት አለ፣ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ትንፋሽ ሳይቀር ያያል። ሰው ተኝቶ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ያውቃል። እሱን አስመጣለሁ።» ወደ እሷ ዞረ፤ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው እጁን ዘረጋ። «ከእንግዲህ ቤት እያለሽ የለሽም አይልሽም። ብትተኚም ያይሻል። ቃሌ ነው።»

ሰፋሪው አሚን ሊል ከንፈሩን ከፍቶ እንደገና ገጠመው።

ልጄ ሕፃኑን ከቅልጥሟ አነሳችው፤ ነቃ፣ ጮኸ። ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቆመች። ያናገረችው ባሏን አይደለም፣ ጎረቤቴን ነው።

«አባባ፣ አፉ ብዬዋለሁ። ከልቤ ነው። ግን አልመለስም።»

«እንዴ! ምክንያቱ ተፈታ'ኮ» አለ አለቃው።

«የት ነበርሽ ብሎ ሲጠይቀኝ እዚሁ አልኩት» አለች። «ምክንያቱ እሱ ነው።»

አማቼ ግራ ተጋብቶ ያያታል። አልገባውም። ዛሬም የገባው አይመስለኝም። ጎረቤቴ ግን ጢሙን አሸት አሸት አደረገና «አፉ ብሏል» አለ። «አፉ ማለት ሌላ ነው፣ ሄደ ማለት ሌላ ነው። ልጅ ሁለቱን ተናግሯል።»

ወደ በሩ ሄደች። ገፋችው፤ አልተከፈተም። ተቆልፎ ነበር፤ ሰው የለም ብሎ የቆለፈው እንደተቆለፈ ነው። መክፈቻው ያለው አማቼ ስልክ ላይ ነው። ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች፣ ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ ይጮኻል። እሱ ስልኩን እንደያዘ፣ ጣቱ በመስታወቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አለቃውን አየ፣ ሰፋሪውን አየ። አንድ ነገር እንዲሉለት ነው።

«ክፈት» አልኩት።

«አባባ፣ እባክዎ፣ ትንሽ ብንነጋገር…»

«ክፈት ብዬሃለሁ።»

ከፈተ። ወጣን። ዝናቡ መንገዱን ቀይ ወንዝ አድርጎት ነበር። ባጃጅ አጥተን ከሕንፃው ጣሪያ ሥር ቆምን፤ ጎረቤቴ ኩታውን አውልቆ ሕፃኑ ላይ ጣለለት፣ ልጄም ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። አላባበልኳትም። ማባበል አልችልበትም። ብቻ አጠገቧ ቆምኩ።

ነገሩ በቃዲ ፊት በፍች አለቀ። ገበያው ሌላ የሚያኝከው አገኘ። ልጄ አሁን ሁለተኛውን ክፍል ይዛ እኔ ጋ ናት፤ ስፌት ትሰፋለች፣ ያለ ጠያቂ ስትፈልግ ትወጣለች፣ ስትፈልግ ቀኑን ሙሉ ትቀመጣለች። ልጁ እግር አውጥቶ ቀርከሃዬን እያፈረሰ ያስቸግረኛል። ሰዎች ልጅህን ቤቷን አስፈታህ ይሉኛል። ይበሉ። ከኔ ይልቅ ያ ሕንፃ ቢጠየቅ ይሻላል፤ እሱ ደግሞ ዛሬም ይነፍሳል፣ ይበራል፣ ይቆልፋል፣ ሠራተኞቹም ስብሰባ መሀል እጃቸውን ወደ ጣሪያው እያውለበለቡ አለን፣ አለን ይሉታል።

አማቼ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ልጁን ሊያይ ይመጣል። ይህን አልከለከልኩትም፤ ልጁ ልጁ ነው። አጥሬ ላይ ደወል የለም፣ ካሜራ የለም፣ የሚነካ ነገር የለም። ከውጭ ይቆምና «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ማን አለ፣ ማን የለም፣ ሰው አፍ አውጥቶ ካልነገረው ማወቂያ የለውም።

አንዳንድ ቀን እኔ ከአጥሩ በዚህ በኩል፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ዱካዬ ላይ ተቀምጬ ቀርከሃ እሰነጥቃለሁ። ድምፁን ስሰማ ቢላዋዬን አስቀምጣለሁ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ።

«ቤቶች!» ይላል። «ሰው የለም እንዴ?»

ቶሎ አልመልስም።